የስልክ ጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ሲበላሽ፦ ወደ ጥገና ቤት ከመሄድ በፊት በቤት ውስጥ ምን ሊሞከር ይችላል?

ከመገናኛ ተነሥቶ ወደ ገርጂ፣ ወደ ሲኤምሲ ወይም ወደ አያት የሚያቀና መንገደኛ «የሞባይል ጥገና» የሚል ጽሑፍ ሳያይ ረጅም ርቀት አይሄድም። በቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ ባሉት የገበያ ሕንፃዎችም ሆነ በጎሮና በሰሚት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥር በተከፈቱት ጠባብ ሱቆች ሥራው ተመሳሳይ ነው፤ የተሰነጠቀ ስክሪን መቀየር፣ አልሞላ ያለ ባትሪ መፈተሽ፣ ድምፁ የጠፋ ስልክ መፍታት። ከእነዚህ ብልሽቶች መካከል ብዙ ጊዜ ጠጋኝ ሳያስፈልገው በባለቤቱ እጅ ሊስተካከል የሚችል አንድ አለ። እርሱም በተለምዶ «የኢርፎን ቀዳዳ» ወይም «ጃክ» የሚባለው የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ነው።

ጉዳዩ ዘፈን በግል ከማድመጥ ያለፈ ነው። በአብዛኞቹ ስልኮች ላይ የኤፍ ኤም ሬዲዮ የሚሠራው የጆሮ ማዳመጫው ገመድ ሲሰካ ብቻ ነው፤ ገመዱ ለስልኩ አንቴና ሆኖ ያገለግላልና። ቀዳዳው ከተበላሸ ሬዲዮው አብሮ ይዘጋል። ሌላም አለ። ቀዳዳው ውስጥ የገባ ጉድፍ ስልኩን «ማዳመጫ ተሰክቷል» ብሎ እንዲያምን ሲያደርገው፣ የደወለም የተደወለለትም ሰው ድምፅ አይሰማም። የግብርና ምክር በተቀረጸ ድምፅ ለማግኘት እ.ኤ.አ. በ2014 ወደተጀመረው የ8028 ነፃ መስመር የሚደውል አርሶ አደር፣ መስመሩ ገብቶለትም ጸጥታ ብቻ ሊያደምጥ ይችላል። ችግሩ ከኔትወርክ የመጣ መስሎት በተደጋጋሚ መደወሉም አይቀርም።

ወጪውም ቀላል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ደርሷል። የስልክ መለዋወጫ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በመሆኑ ይህ ለውጥ በቀጥታ የሚያርፈው በተጠቃሚው ኪስ ላይ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ጥፋቱ የቀዳዳው፣ የማዳመጫው ወይስ የቆሻሻው መሆኑን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል።

ቀዳዳው ውስጥ ያለው ነገር

የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ከስልኩ ክፍሎች ሁሉ በዕድሜ አንጋፋው ሊባል ይችላል። አባቱ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የስልክ ኦፕሬተሮች ጥሪን ከጥሪ ለማገናኘት በሰሌዳ ላይ እየነቀሉ ይሰኩት የነበረው ወፍራም ጫፍ ነው፤ ውፍረቱ 6.35 ሚሊ ሜትር ነበር። ዛሬም በጊታርና በትልልቅ የድምፅ ማጉያዎች ላይ ይታያል። ቀጭኑ ባለ 3.5 ሚሊ ሜትር ጫፍ ከትንንሽ የኪስ ሬዲዮኖች ጋር ተስፋፋ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የሶኒ ዎክማን ደግሞ በዓለም ዙሪያ አስተዋወቀው። አንዳንድ ኩባንያዎች ከስልኮቻቸው ላይ ካነሡት ዓመታት ቢቆጠሩም፣ በኢትዮጵያ ገበያ በብዛት በሚሸጡት መካከለኛና ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው ስልኮች ላይ አሁንም የተለመደ ነው።

የማዳመጫው ብረታማ ጫፍ ሲታይ ጥቁር ወይም ነጭ ቀለበቶች አሉበት። ቀለበቶቹ ጫፉን ወደ ተለያዩ ክፍሎች የሚከፍሉ የፕላስቲክ መለያዎች ናቸው። ሁለት ቀለበት ያለው ጫፍ ሦስት ክፍሎች ሲኖሩት እነርሱም ለግራ ጆሮ፣ ለቀኝ ጆሮና ለጋራ መመለሻ ናቸው። ሦስት ቀለበት ያለው አራተኛ ክፍል ይጨምራል፤ እርሱም ለማይክሮፎኑ ነው። በስልኩ ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ ለእያንዳንዱ ክፍል የተዘጋጀ ቀጭን የብረት ምላስ አለ። ጫፉ ሲገባ ምላሶቹ እንደ ሞላ ወደ ኋላ ተገፍተው በየክፍላቸው ላይ ያርፋሉ። ከእነዚህ ሌላ «ገመድ ገብቷል» የሚለውን ምልክት ለስልኩ የሚነግር ማብሪያ ማጥፊያ መሰል ምላስ ይኖራል። ይህ ሁሉ የሚገኘው 14 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ከዚህ በመነሣት ብልሽቱ የሚመጣባቸውን መንገዶች መገመት ይቻላል። ምላስና ክፍል እንዳይነካኩ የሚያደርግ ቆሻሻ፣ በተደጋጋሚ መሰካትና መንቀል የደከመ ምላስ፣ በገመዱ ላይ በደረሰ ጉተታ ከሰሌዳው የተላቀቀ ብየዳ፣ እርጥበት ያመጣው ዝገት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀዳዳውን ፈጽሞ የማይመለከት የገመድ መበጠስ።

ቀዳሚው ጥያቄ፦ ጥፋቱ የማን ነው?

አንድ ነገር ሳይነካ በፊት ሁለት ሙከራ ይደረግ። ማዳመጫው በሌላ ሰው ስልክ ላይ ተሰክቶ ይፈተሽ፤ ቀጥሎም ሌላ የሚሠራ ማዳመጫ በታመመው ስልክ ላይ ይሞከር። ማዳመጫው በሁለተኛው ስልክም ካልሠራ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ስልኩን መፍታት ቀርቶ ማጽዳትም አያስፈልግም። ሁለተኛው ማዳመጫ በታመመው ስልክ ላይ ጥሩ ከሠራ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ባለበት ሁሉ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ ነው። ይህን ሳያደርግ ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው ግን ደኅና የሆነ ቀዳዳ አስቀይሮ፣ በዚያው በተበጠሰ ገመድ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል።

የማዳመጫ ገመድ አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው በሁለት ቦታ ነው፤ ከብረታማው ጫፍ በሚወጣበት አንገት ላይና ወደ ጆሮ ከሚገባው ክፍል ጋር በሚገናኝበት ላይ። ሙዚቃ ተከፍቶ ገመዱ በነዚህ ቦታዎች ቀስ ብሎ ሲታጠፍ ድምፁ እየመጣ የሚሄድ ከሆነ ውስጡ ያለው ሽቦ ተበጥሷል ማለት ነው። ሽቦው ሳይነካ ጫፉ ራሱ በቀዳዳው ውስጥ ሲዞር ድምፁ የሚመጣ የሚሄድ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ቀዳዳው ያጋድላል።

ሌላ በቀላሉ የሚታለፍ ምክንያት የስልኩ መሸፈኛ ነው። ወፍራም የላስቲክ ወይም የቆዳ መሸፈኛ ጫፉ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ሊከለክል ይችላል። ጫፉ ሙሉ በሙሉ ሲገባ «ቀጭ» የሚል ስሜት በጣት ይታወቃል። መሸፈኛው ወልቆ ይህ ስሜት ከመጣ ጥገናው ተጠናቀቀ።

የድምፁ ዓይነት ራሱ ምስክር ነው

በርካታ ሰዎች «አይሠራም» ብለው የሚያልፉት ብልሽት በጥሞና ሲደመጥ መነሻውን ይናገራል።

በጣም ግራ የሚያጋባው፣ የመሣሪያው ድምፅ እየተሰማ የዘፋኙ ወይም የዜና አንባቢው ድምፅ ከሩቅ፣ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ሆኖ ሲደክም ነው። ለዚህ ምክንያቱ የጋራ መመለሻው ክፍል ጥሩ ንክኪ ማጣቱ ነው። የሰው ድምፅ በቀረጻ ጊዜ በግራና በቀኝ እኩል ስለሚቀመጥ፣ መመለሻው ሲጠፋ ሁለቱ እርስ በርስ ይጣፋሉ፤ በአንድ ወገን ብቻ የተቀረጸው ሙዚቃ ግን ይቀራል። ጫፉ በሙሉ ካልገባ ወይም ቀዳዳው መጨረሻ ላይ ጉድፍ ከተጠቀጠቀ ይህ ይከሰታል።

ይኸው ምልክት ማዳመጫውና ስልኩ ሳይጣጣሙ ሲቀሩም ይመጣል። ባለ ሦስት ቀለበት ማዳመጫዎች በዓለም ላይ በሁለት ሥርዓት ተሠርተዋል፤ በአንደኛው ማይክሮፎኑ ከሥር፣ በሌላው ከመመለሻው ጋር ቦታ ተለዋውጦ ይገኛል። የቆየ ማዳመጫ በአዲስ ስልክ ላይ ሲሰካ እንዲህ ያለ አለመግባባት ሊፈጠር ይችላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ በገመዱ ላይ ያለው የጥሪ መቀበያ ቁልፍ ተጭኖ ሲያዝ ድምፁ የሚስተካከል፣ ሲለቀቅ የሚበላሽ ከሆነ ስልኩም ማዳመጫውም ጤነኞች ናቸው፤ የተጋቡት ግን አይስማሙም። ሌላ ማዳመጫ መግዛት ይበቃል።

በአንድ ጆሮ ብቻ ሲሰማ መጀመሪያ የስልኩ ቅንብር ይታይ። በአንድሮይድ ስልኮች «ተደራሽነት» በሚለው ክፍል ውስጥ ድምፅን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚያጋድል መስመር አለ፤ ሕፃን ልጅ ስልኩን ሲነካካ መስመሩ ወደ አንድ ጫፍ ሄዶ ሊሆን ይችላል። መስመሩ መሐል ላይ ከሆነና በሁለተኛ ማዳመጫም አንዱ ወገን ዝም ካለ ግን የግራው ወይም የቀኙ ምላስ ቆሽሿል ወይም ታጥፏል። ሲነካ ብቻ የሚንጫጫ፣ የሚቆራረጥ ድምፅም አብዛኛውን ጊዜ የቆሻሻ ወይም የዝገት ምልክት ነው።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ መነሣት አለበት። ድምፅ በጠፋ ቁጥር ስልክን ፎርማት ማድረግ መፍትሔ አይደለም። ፎርማት ጉድፍ አያወጣም፤ ፎቶግራፎችንና የተመዘገቡ ቁጥሮችን ግን ይወስዳል። ስልኩን አጥፍቶ ማብራት ብቻውን ሊሠራ ስለሚችል እርሱ ይቅደም።

ጋቢ፣ ጤፍና የግንባታ አቧራ

የቀዳዳው ዋና ጠላት ኪስ ነው። በኪስ ውስጥ የሚጠራቀም የጨርቅ ብናኝ ጫፉ በተሰካ ቁጥር ወደ ውስጥ እየተጠቀጠቀ ከጊዜ በኋላ እንደ ቡሽ ይደድራል። ጋቢና ነጠላ ከጥጥ የሚሠሩ በመሆናቸው ብናኛቸው ብዙ ነው፤ በጋቢው ጥግ ስልኩን ቋጥሮ የሚተኛ ሰው ይህን አይጠረጥርም። ቀድሞ ከቦሌና ከየካ ክፍለ ከተሞች ተከፍሎ በተቋቋመው ለሚ ኩራ፣ በቦሌ አራብሳና በአያት ዙሪያ ደግሞ ግንባታው ስላላባራ የሲሚንቶና የአሸዋ አቧራ በየኪሱ ይገባል። ሲሚንቶ እርጥበት ሲያገኝ ስለሚጠጥር ከጨርቅ ብናኝ ይከፋል።

በገጠሩና በከተማው ዳርቻ ባሉ የእርሻ መንደሮች ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በአውድማ ላይ እህል ተበራይቶ ገለባው ከፍሬው በሚለይበት ሰሞን እብቁ የማይገባበት የለም። የጤፍ ፍሬ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ቀዳዳው ደግሞ 3.5 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። አንዲት የጤፍ ፍሬ ገብታ ከመጨረሻው ምላስ ሥር ከተቀመጠች ማዳመጫው እስከ ውስጥ አይዘልቅም።

ጽዳቱ የሚጀመረው ስልኩን ሙሉ በሙሉ በማጥፋት ነው። ባትሪው የሚወልቅ ከሆነም ይውለቅ። በሌላ ስልክ መብራት ቀዳዳው በጥሞና ይታይ፤ ጤነኛ ቀዳዳ ውስጥ የምላሶቹ ነጭ ወይም ወርቃማ ብልጭታ ይታያል፣ በተደፈነው ውስጥ ግን ግራጫ ወለል ብቻ ነው የሚታየው። ከዚያ ስልኩ ቀዳዳው ወደ ታች እንዲሆን ተይዞ በጀርባው በኩል በመዳፍ ቀስ ተብሎ መታ መታ ይደረግ። ያልተጠቀጠቀ ጉድፍ በዚህ ይወድቃል።

ካልወደቀ የእንጨት ስቴኪኒ ይበቃል። ጫፉ በምላጭ ትንሽ ቢቀጥን ይመረጣል። ስቴኪኒው በቀዳዳው ግድግዳ ጥግ እስከ መጨረሻው ወርዶ ብናኙን እያላላ ወደ ውጭ ይጎትታል፤ ወደ ታች መጫንና መቆፈር ግን አይገባም። እጁ የሚቸኩል ሰው ለሌላ ቢሰጠው ይሻላል። መርፌ፣ ስፒል፣ የወረቀት ማያያዣ ሽቦና የብረት ወስፌ ፈጽሞ ቀዳዳው ውስጥ መግባት የለባቸውም። የብረት ጫፍ ቀጫጭኖቹን ምላሶች ያጥፋል፤ አንዴ የታጠፈ ምላስ በቤት አይቃናም። በበራ ስልክ ላይ ከሆነ ደግሞ ሁለት ምላሶችን አገናኝቶ ሌላ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

በአፍ «እፍ» ማለት የተለመደ ቢሆንም አይመከርም፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው። በምትኩ ለጆሮ ማጠቢያ ወይም ለካሜራ ማጽጃ የሚሆን፣ በእጅ የሚጨመቅ ደረቅ የላስቲክ መንፊያ ካለ እርሱ ይሻላል። የጎማ ቤት ኮምፕሬሰር ግን ይቅር፤ ግፊቱ ከልክ በላይ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከአየሩ ጋር ውኃና ዘይት ይተፋል።

ብናኙ ወጥቶም ድምፁ ከተንጫጫ የቀረው ዝገት ወይም የላብ ቅሪት ሊሆን ይችላል። እጅግ ትንሽ ጥጥ በስቴኪኒው ጫፍ ላይ ጥብቅ ተደርጎ ይጠቀለል፤ ከፋርማሲ በሚገዛ የቁስል ማጽጃ አልኮል ይነከር፤ እስከማይንጠባጠብ ይጨመቅና ሦስት አራት ጊዜ በቀዳዳው ውስጥ ይዙር። ጥጡ ከላላ ውስጥ ተላቅቆ ይቀራል፤ ከነበረው ችግር ይልቅ የመጣው ይብሳል። ከዚህ በኋላ ስልኩ ሳይበራ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይደርቅ። የእጅ ማጽጃ ጄል ውስጡ ቅባት ስላለው አይሆንም። ሽቶም እንዲሁ። አረቄ «አልኮል አይደለም ወይ?» ተብሎ የሚሞከርበት ጊዜ አለ፤ ውኃው ስለሚበዛ ለዚህ ሥራ አይበጅም። ቤንዚን ደግሞ ፕላስቲኩን ሊጎዳና እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ከነአካቴው ይራቅ።

የማዳመጫው ጫፍም በዚያው አልኮል በነካ ጨርቅ መወልወል አለበት። ንጹሕ ቀዳዳ ውስጥ ቆሻሻ ጫፍ መመለስ ልፋትን ከንቱ ያደርጋል።

ሳይሰካ «ተሰክቷል» ሲል

በስክሪኑ አናት ላይ የማዳመጫ ምስል ቆሞ አልጠፋ ሲል ስልኩ ድምፁን ሁሉ ወደ ሌለ ማዳመጫ እየላከ ነው። ጥሪ በአስቸኳይ ለማድረግ የተገደደ ሰው በጥሪው መሐል ላውድ ስፒከር የሚለውን ምልክት ቢጫን ብዙ ጊዜ ድምፁን ያገኛል። ይህ ማለፊያ እንጂ መፍትሔ አይደለም።

መፍትሔው ከላይ የተነገረው ጽዳት ሆኖ፣ ከእርሱ በፊት ግን የሚሠራ ማዳመጫ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ጊዜ ያለ ጉልበት መሰካትና መንቀል ይሞከር። ተጣብቆ የቀረው ምላስ በዚህ ሊላቀቅ ይችላል። ምልክቱ ሲጠፋ ስልኩ ጠፍቶ ይብራ።

የማዳመጫው ጫፍ ተሰብሮ ውስጥ ከቀረ ግን ሁኔታው ይለያል። በስቴኪኒ መቆርቆር የበለጠ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። በእስክርብቶ ቀፎ ላይ ኃይለኛ ማጣበቂያ ቀብቶ ስባሪውን የመጎተት ዘዴ በየቦታው ሲነገር ይሰማል፤ ማጣበቂያው አንዲት ጠብታ ቢፈስስ ግን ስባሪውንም ምላሶቹንም ለዘለቄታው ያጣብቃል። እዚህ ላይ የቤት ሥራው ያበቃል።

ውኃ የገባበትን ስልክ ሩዝ ውስጥ መቅበርም በስፋት የታወቀ ልማድ ነው። ሩዝ በስልኩ ውስጥ የገባውን ውኃ የመምጠጥ ልዩ ኃይል የለውም፤ ዱቄቱ ግን ወደ ቀዳዳው ይገባል። ስልኩን አጥፍቶ፣ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጎ፣ አየር በሚዘዋወርበት ጥላ ሥር ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ማቆየት የተሻለ ነው። ምድጃ ዳር ወይም ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ባትሪውን ይጎዳል።

ሬዲዮው እንዳይቋረጥ

የኤፍ ኤም ሬዲዮ ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክልል ይሠራጫል። ሸገር በ102.1፣ ፋና በ98.1 ላይ እንደሚገኙ የአዲስ አበባ አድማጭ ያውቃል። የእነዚህ ሞገዶች ርዝመት ሦስት ሜትር ገደማ ነው። ሞገዱን በደንብ ለመያዝ ከርዝመቱ ሩብ ያህል፣ ማለትም ከ75 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ሽቦ ያስፈልጋል፤ ከአንድ ሜትር የሚበልጠው የማዳመጫ ገመድ ለዚህ በቂ ነው። ስልኩ «እባክዎ ማዳመጫ ይሰኩ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ጥቂቶች የሚያውቁት ጥቅም አለ። የአንዱ ጆሮው ድምፅ የጠፋ፣ ወይም የጆሮ ክፍሎቹ ጨርሶ የተቆረጡ አሮጌ ማዳመጫ እንኳ አንቴና መሆኑን አያቆምም። ጫፉና ረዘም ያለ ገመዱ ደኅና እስከሆኑ ድረስ ተሰክቶ በሬዲዮ መተግበሪያው ላይ «ስፒከር» የሚለው ሲመረጥ ድምፁ በስልኩ ድምፅ ማጉያ ይወጣል፤ ቤተሰብም በአንድነት ያዳምጣል። የተበጠሰ ማዳመጫ ከመጣሉ በፊት ለዚህ ቢሞከር ጥሩ ነው። በብሉቱዝ የሚሠራ ማዳመጫ ግን አንቴና ሊሆን አይችልም፤ በእርሱ የሚያዳምጥ ሰውም ባለ ገመዱን መሰካት ይኖርበታል።

የጣቢያው ድምፅ የሚንሿሿ ከሆነ ገመዱ ተጠቅልሎ እንዳይቀመጥ፣ ተዘርግቶ ወደ መስኮት እንዲጠጋ ማድረግ ይረዳል። በኮንዶሚኒየም ምድር ቤትና በኮረብታ ጥላ ሥር ባሉ መንደሮች ይህ ትንሽ ለውጥ ልዩነት ያመጣል። የስልክ ሬዲዮ የመካከለኛ ሞገድ ሥርጭት እንደማይቀበልም መዘንጋት የለበትም፤ የኤፍ ኤም ሥርጭት በማይደርስበት ቀበሌ ጥፋቱ የቀዳዳው አይደለም።

ጠጋኝ ዘንድ ሲኬድ

ሁለት ማዳመጫ ተሞክሮ፣ ቀዳዳው ጸድቶ፣ ስልኩ ጠፍቶ በርቶ ለውጥ ከሌለ ምላሱ ታጥፏል ወይም ብየዳው ተላቋል። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ስልክ መፍታት በመሆኑ ለባለሙያ ይተዋል።

ባለቤቱ ሱቅ ከመግባቱ በፊት አንድ ነገር ቢያውቅ ዋጋ ለመከራከር ይረዳዋል። ቀዳዳው በስልኩ ውስጥ በሁለት ዓይነት መንገድ ይቀመጣል። በበርካታ ርካሽ ስልኮች ቻርጀሩ ከሚሰካበት ጋር በአንዲት ትንሽ ሰሌዳ ላይ ይገኛል፤ ያቺ ሰሌዳ በጥቂት ብሎኖች ተፈትታ በሌላ ትተካለች፣ ሥራውም አጭር ነው። በሌሎቹ በዋናው ሰሌዳ ላይ በቀጥታ ተበይዷል፤ እርሱን ለማንሣት የሞቀ አየር መንፊያና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፣ በአጠገቡ ያሉ ጥቃቅን ክፍሎችም ሊነኩ ይችላሉ። «የዚህ ስልክ ጃክ በትንሿ ሰሌዳ ላይ ነው ወይስ በዋናው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ጠጋኙ ከመፍታቱ በፊት በራሱ ማዳመጫ ሞክሮ እንዲያሳይና የወጣውን አሮጌ ክፍል እንዲመልስ መጠየቅም እንዲሁ።

ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ የሚባሉት ስልኮች ባለቤት የሆነው የቻይናው ትራንሽን ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በኢትዮጵያ ስልክ ሲገጣጥም የቆየ ሲሆን፣ በምሥራቅ አዲስ አበባ ጎሮ አካባቢ በሚገኘው የአይሲቲ ፓርክም ፋብሪካ አለው። ስልኮቹ በብዛት በሰው እጅ ስላሉ መለዋወጫቸውን ማግኘት ከሌሎቹ ይቀላል። ዋስትናው ያላለፈ ስልክ ግን በማንኛውም ሱቅ ከተፈታ ዋስትናው ሊሰረዝ ስለሚችል፣ ደረሰኙ ተይዞ በቅድሚያ የአምራቹን የጥገና ማዕከል መጎብኘት ይገባል።

ስልኩ ተፈትቶ የሚያድር ከሆነ ሲም ካርዱና ሚሞሪው ወጥተው ከባለቤቱ ጋር ይመለሱ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሲም ካርድ ማለት የገንዘብ ቦርሳ ማለት ነው። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ለመቀየር የምሥጢር ቁጥር መስጠት የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም፤ የስልኩ መክፈቻ ራሱ የሚፈለገው ሥራው አልቆ ድምፁ ሲፈተሽ ነው፤ ያኔም ባለቤቱ ቆሞ በራሱ እጅ ይከፍተዋል።

የጥገናው ዋጋ ከስልኩ ዋጋ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ ሌላ አማራጭ አለ። በቻርጀሩ ቀዳዳ የሚሰካ አነስተኛ ማስተላለፊያ ገመድ ይሸጣል፤ በአንዱ ጫፉ 3.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አለው። ሆኖም ሁሉም ማስተላለፊያ ከሁሉም ስልክ ጋር አይሠራም፤ አንዳንዱ ስልክ ድምፁን የሚተረጉም ትንሽ ክፍል በማስተላለፊያው ውስጥ እንዲኖር ይፈልጋል፣ ሌላው አይፈልግም። በአንዳንዱ ላይ ደግሞ ሙዚቃው እየሠራ ሬዲዮው ዝም ይላል። ስለዚህ ሂሳብ ከመከፈሉ በፊት እዚያው ሱቁ በር ላይ ተሰክቶ፣ አንድ ጥሪ ተደርጎና የሬዲዮ መተግበሪያው ተከፍቶ አንድ ጣቢያ ሲይዝ መታየት አለበት።